ጅማ ላለ የእንጨት ሥራ ቤት የኦንላይን ማስታወቂያ፦ በወር 6,000 ብር የት ላይ ቢወጣ ይሻላል?

ረከቦት ጅማ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለን። የእጅ ሥራው የባለቤቴ ነው፤ ሽያጩና ስልኩ ደግሞ በእኔ እጅ ነው። ሁለት ዓይነት ዕቃ እንሠራለን። ለከተማው ሰው በትእዛዝ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የምግብ ጠረጴዛ፤ ለስጦታ፣ ለካፌና አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማና ረከቦት።

የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል አለን። ፎቶ ስንለጥፍ ላይክ ይመጣል፣ «እጃችሁ ይባረክ» የሚል ኮሜንት ይመጣል፣ ትእዛዝ ግን አሁንም የሚመጣው በሰው በሰው ነው። ገጹን ቡስት የሚያደርግልን (ከፍሎ ለብዙ ሰው እንዲታይ የሚያደርግ) ልጅ ሁልጊዜ የሚያሳየን የላይክ ቁጥር ብቻ ነው። በወር እስከ 6,000 ብር ለማስታወቂያ ማውጣት እንችላለን። ፌስቡክ ይሻላል፣ ቴሌግራም ወይስ ቲክቶክ? ዋጋ በግልጽ እንጻፍ ወይስ በኢንቦክስ? የዶላሩን ክፍያስ ሰው እንዴት ነው የሚያደርገው? የምታውቁ ዘርዝራችሁ ጻፉልኝ።

ሚዛን

እህቴ፣ «የት ላውጣ» ከሚለው በፊት «ለየትኛው ዕቃ ላውጣ» የሚለውን ወስኚ። ወረቀት ላይ እንዲህ አስይው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የራስሽን ተኪበት። 6,000 ብር አውጥተሽ 120 ሰው ጻፈልሽ ወይም ደወለልሽ እንበል። ከአሥሩ አንዱ ቢያዝ 12 ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ 500 ብር የማስታወቂያ ወጪ ተሸክሟል ማለት ነው። አንድ በርጩማ ላይ የምታተርፊው 400 ብር ከሆነ በእያንዳንዱ 100 ብር ከኪስሽ እየጨመርሽ ነው የምትሸጪው። አልጋ ላይ የምታተርፊው 5,000 ብር ከሆነ ግን 500 ብሩ አይሰማሽም።

ስለዚህ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ለአልጋና ለቁም ሳጥን ይሁን፣ እሱም ለጅማና ለዙሪያዋ ብቻ። በርጩማውን በነፃው መንገድ ሽጪ፤ ለእሱ የግድ መክፈል ካለብሽ በነጠላ ሳይሆን በስብስብ አቅርቢው፣ ስድስት በርጩማ ከነረከቦቱ በአንድ ዋጋ። ያኔ በአንድ ትእዛዝ የሚገኘው ትርፍ ወጪውን ይችላል።

ዋጋ ጻፊ። «በኢንቦክስ» የሚለው መልስ ገዢን ያባርራል። ሰው ሁለት ነገር ነው የሚጠረጥረው፦ አንድም ዋጋው ሰው እየታየ የሚለዋወጥ ነው፣ አንድም ከአቅሜ በላይ ነው። ሁለቱንም ከጠረጠረ አይጽፍልሽም። በትእዛዝ የሚሠራ ዕቃ ዋጋው ይለያያል ካልሽ በመጠን ከፍለሽ አስቀምጪው፦ ባለ 1.20 ይህን ያህል፣ ባለ 1.50 ይህን ያህል፣ ባለ 1.80 ይህን ያህል፣ መሳቢያ ከፈለገ ይህን ያህል ይጨመራል። የእንጨትና የማጣበቂያ ዋጋ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከታች «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ የጸና ነው» ብለሽ ቀን ጻፊበት፤ ካለፈ ዓመት ፖስት ላይ ዋጋ አንስቶ ከሚከራከርሽ ሰው ትድኛለሽ።

የላይኩን ቁጥር ተይው። አንድ ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ የጠየቀው ዕቃ፣ የት አይቶን እንደመጣ፣ ገዛ ወይስ አልገዛም፣ ካልገዛስ ለምን። «የት አይተውን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለሚደውል ሁሉ ጠይቂ። ከወር በኋላ 6,000 ብሩን በገዙት ሰዎች ቁጥር አካፍይው። ያ ቁጥር ነው ማስታወቂያው ይቀጥል ወይም ይቁም የሚያሰኝሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የተጻፈን መልእክት ማታ ከመለስሽ ሰውየው ሦስት ቦታ ጠይቆ አንዱ ጋ ቀብድ ከፍሏል። ማስታወቂያ በምታሠሪበት ሰዓት ስልኩን የያዘ ሰው መኖር አለበት። መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ፦ መጠን፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ዋጋ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ቀብድ፣ ቦታ። ቀድተሽ ትለጥፊያለሽ፣ ከዚያ ስሙን ጠርተሽ አንድ ጥያቄ ትጨምሪያለሽ፦ «የክፍልዎ ስፋት ስንት ነው?» ጥያቄ ያለው መልስ ንግግሩን ያስቀጥላል።

አድስ ባለሙያ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ስለ ፌስቡኩ አሠራር ልግባ።

ገጹ ላይ ያለው የቡስት ቁልፍ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን ዓላማውን ካልቀየሩት ብዙውን ጊዜ ላይክና ኮሜንት የሚያበዙ ሰዎችን ነው የሚፈልግልዎት። ላይክ ጠየቁት፣ ላይክ ሰጠዎት። አድስ ማናጀር (የፌስቡክ የማስታወቂያ መሥሪያ ገጽ) ውስጥ ገብተው ዓላማውን «ኢንጌጅመንት»፣ ሰው የሚያገኝዎትን መንገድ ደግሞ «ሜሴጅ» ወይም «ኮል» ያድርጉት። ለአልጋና ለቁም ሳጥን የስልክ ጥሪ የተሻለ ነው፤ ትልቅ ዕቃ የሚያዝ ሰው ድምፅ መስማት ይፈልጋል። የጥሪ ማስታወቂያ ግን ሱቅ በተዘጋበት ሰዓት መታየት የለበትም። ሰዓት ለመወሰን በጀቱን በቀን ሳይሆን ለጠቅላላው ጊዜ የሚለውን ይምረጡ፤ የሰዓት ሠንጠረዡ የሚከፈተው ያኔ ነው።

ቦታ። የከተማውን ስም ብቻ ከመጻፍ ካርታው ላይ ፒን ይትከሉ። በከተማ ስም ሲመርጡ ትንሹ ዙሪያ 17 ኪሎ ሜትር ነው፤ በፒን ግን እስከ 1 ኪሎ ሜትር ማጥበብ ይቻላል። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚያደርሱ ከሆነ መሀል ከተማ ፒን አድርገው 10 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሰርቦና ሰቃ ድረስ በአይሱዙ የሚልኩ ከሆነ ያስፉት። አጋሮን ለብቻው ፒን ያድርጉት፣ የማድረሻ ዋጋውም በጽሑፉ ላይ ይለይ።

ቋንቋ የሚለውን ሳጥን ባዶ ይተዉት። አማርኛ ብለው ቢመርጡ ስልኩን በእንግሊዝኛ የሚጠቀመውን ጅማዊ ሁሉ ሊያጡ ይችላሉ፤ እንዲህ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ጽሑፉን ግን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጁ፤ ሁለቱን አንድ ፖስት ላይ አጨናንቀው ሳይሆን ለየብቻ። አፋን ኦሮሞውን ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ይጻፈው። በማሽን የተተረጎመ ከሆነ ያስታውቃል፣ ለገዢውም ክብር አይሰጥም።

ፍላጎትና ዕድሜ በመምረጥ ብዙ አይድከሙ። አሁን ሲስተሙ እነሱን በአብዛኛው እንደ ጥቆማ ነው የሚወስዳቸው፣ ቦታውን ግን ያከብራል። ደግሞም በአንድ ከተማ ላይ ከጠበበ በኋላ እንደገና ካጠበቡት የሚታየው ለጥቂት ሰው ብቻ ይሆንና ያው ሰው ያንኑ ፎቶ ይሰለቸዋል። «ፍሪኩዌንሲ» የሚለውን ቁጥር (አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው) ይከታተሉ፤ 4 ሲጠጋ ፎቶውን ይቀይሩ።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በጀት ሲከፋፈል ነው። ሲስተሙ ገዢ የሚሆነውን ሰው ለመለየት በሳምንት ወደ 50 ገደማ ውጤት ይፈልጋል። በ6,000 ብር ያንን መድረስ ከባድ ስለሆነ አምስት ማስታወቂያ ከፍቶ ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ማከፋፈል ሁሉንም ያደክማል። አንድ የታዳሚ ስብስብ፣ ውስጡ ሁለት ወይም ሦስት የተለያየ ፎቶ፣ በቃ። ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ሳምንት አይንኩት። በየቀኑ በጀትና ታዳሚ ሲቀያየር ሲስተሙ ገዢን የመለየት ትምህርቱን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሜሴጅ ከመረጡ ደግሞ ሲከፈት የሚመጣውን የተዘጋጀ ጥያቄ ይቀይሩት። እንዳለ ከተዉት ሰው ሳያስበው ይነካውና ይጠፋል፣ እርስዎ ግን እንደ ውጤት ተቆጥሮ ይከፍሉበታል። «የባለ 1.50 አልጋ ዋጋና የሚያልቅበት ቀን» ዓይነት ጥያቄ ያስገቡ። እሱን የሚነካ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል።

ቁልፉ በእጄ

ስለ ክፍያውና ገጹን ቡስት ስለሚያደርግልሽ ልጅ አጭር ነገር። ተራው የብር ኤቲኤም ካርድ ፌስቡክ ላይ አይሠራም፤ ለውጭ የኦንላይን ክፍያ የተፈቀደ ካርድ ያስፈልጋል። ባንክሽን ጠይቂ። ካልሆነ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው በወኪል ማሠራት ነው፤ ወኪሉ ብር ይቀበላል፣ በራሱ ካርድ ዶላር ይከፍላል፣ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። በዚህ መንገድ ከሄድሽ እነዚህን አትለፊ።

የይለፍ ቃልሽን አትስጪ። ገጹ ላይ ሙሉ ቁጥጥር ያለው ሰው አንቺና ባለቤትሽ ብቻ ሁኑ፤ ለልጁ ማስታወቂያ የመሥራት ፈቃድ ብቻ ይሰጠው። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በሁለታችሁም ስልክ አብሩ። ልጁ በራሱ የማስታወቂያ አካውንት እያሠራው ከሆነ ታሪኩ ሁሉ፣ ማን እንደጻፈና የትኛው ፎቶ እንደሠራ፣ እሱ ጋ ይቀራል፤ ነገ ስትለያዩ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። በስምሽ የማስታወቂያ አካውንት ክፈቺና እሱ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይሥራ። አንዱ ካርድ ብዙ አካውንት ላይ ሲገባ ፌስቡክ ስለሚጠረጥር ሊያግድ እንደሚችልም እወቂ፤ አካውንቱ አንዴ ከታገደ ማስመለሱ አድካሚ ነው።

ሪፖርት ስትጠይቂ ላይክ አትጠይቂ። ሦስት ቁጥር ብቻ፦ የወጣው ዶላር፣ የተጀመሩ ንግግሮች ወይም ጥሪዎች፣ የአንዱ ዋጋ። ከአድስ ማናጀር ራሱ ላይ በስልክሽ አይተሽ፣ እሱ ከሚልክልሽ ስክሪንሾት አይደለም።

ሜሴንጀር ላይ «ገጽዎ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል መልእክት ከፌስቡክ የመጣ መስሎ ሲመጣ ሳትነኪው አጥፊው። ብዙ ገጽ የተሰረቀው በዚህ ነው።

አዌይቱ ማዶ

ቴሌግራምና ቲክቶክን ልንካ። ሁለቱን ለተለያየ ሥራ ተጠቀሚባቸው፦ ቲክቶክ አዲስ ሰው ያመጣል፣ ቴሌግራም የመጣውን ሰው ያቆያል። ቻናል የዕቃ መደብር እንጂ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም።

ቻናሉን በዚህ መልክ አዘጋጂው። ከላይ የሚሰካው መልእክት ውስጥ የዋጋ ዝርዝር፣ ቦታ፣ ቀብድ፣ ማድረሻና የሥራ ሰዓት ይኑር። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሃሽታግ አድርጊ፣ #አልጋ፣ #በርጩማ፣ #ረከቦት፤ ሰው ሲነካው የአንዱ ዓይነት ዕቃ በሙሉ ይወጣለታል። የተሸጠውን አታጥፊው፣ «ተሽጧል፣ በትእዛዝ ይሠራል» ብለሽ አርሚው። መጀመሪያ ላይ ቻናሉ ውስጥ ከስልክሽ እስከ 200 ሰው በራስሽ ማስገባት ትችያለሽ፤ ግን የቀድሞ ደንበኞችን ብቻ አስገቢ። ሳይጠየቅ የገባ ሰው ድምፁን ዘግቶ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ይወጣል።

አንድ የማይታወቅ ነገር አለ፦ ለአንድ ቻናል ብዙ የግብዣ ሊንክ መፍጠርና ለየአንዱ ስም መስጠት ይቻላል። አንዱን ለቲክቶክ፣ አንዱን ለፌስቡክ፣ አንዱን ሱቁ በር ላይ በሚለጠፈው ኪውአር ኮድ። በየትኛው ስንት ሰው እንደገባ ራሱ ቆጥሮ ያሳይሻል። ያለ ምንም ክፍያ ማስታወቂያሽ የት እንደሠራ ታውቂያለሽ ማለት ነው።

በሌላ ሰው ትልቅ ቻናል ላይ ማስታወቂያ ልግዛ ካልሽ የተከታዩን ቁጥር አትመኝ። የመጨረሻዎቹን አሥር ፖስቶች ክፈቺና ዕይታውን ተመልከቺ። 50,000 ተከታይ ኖሮት ዕይታው 1,500 የሆነ ቻናል ገንዘብሽን ነው የሚበላው። ሁሉም ፖስት ላይ ዕይታው ተመሳሳይ ከሆነም ተጠንቀቂ፣ የተገዛ ዕይታ ሊሆን ይችላል። ስትዋዋዪ ለስንት ሰዓት ከላይ ሌላ ፖስት ሳይደረብበት እንደሚቆይና ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚጠፋ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ለአልጋ የአዲስ አበባ ቻናል አትግዢ፤ ለረከቦት ግን የቤት ዕቃና የስጦታ ቻናል ያዋጣል።

ቲክቶክ ላይ ባለቤትሽ የሚሠራው ራሱ ይዘት ነው። በርጩማው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ አይቶ የማያቅ ሕዝብ ነው አብዛኛው ተመልካች። ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያለው ቪዲዮ ይበቃል፣ ስልኩን ቁመቱን ይዘሽ። መጀመሪያ ሁለት ሴኮንድ ያለቀውን በርጩማ አሳዪ፣ ከዚያ ወደ ግንዱ ተመለሺ፦ መጥረቢያው ሲያወጣው፣ መሮው እግሮቹን ሲለይ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሲያለሰልሰው። የመሳሪያውን ድምፅ በዘፈን አትሸፍኚው፣ ሰውን የሚያቆመው እሱ ነው። ስልኩን ከእጁ ጎን፣ ከእንጨቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀምጪው፤ ከበላይ ሆኖ የሚቀረጽ ቪዲዮ ላይ የእጁ ጥላ ሥራውን ይሸፍነዋል። «ስንት ነው» ለሚል ኮሜንት እዚያው በአደባባይ ዋጋውን መልሺ፣ ቦታውንም ጨምረሽ፤ አንዱ ጠየቀ ማለት ሌሎችም ሳይጠይቁ ያነባሉ ማለት ነው።

ፎቶው ላይ ደግሞ፦ በአምፖል ብርሃን አታንሺ፣ እንጨቱ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ በበሩ አጠገብ፣ ጀርባው ላይ ነጭ አቡጀዲ ዘርግተሽ። ክረምት ሲሆን ደመናው ራሱ ጥሩ ብርሃን ነው፣ ዝናብ ከሌለ ደጅ አውጪው። የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፤ የሥራ ቤት አቧራ ፎቶን ያደበዝዛል። ሦስት ፎቶ፦ ሙሉ ዕቃው፣ መገጣጠሚያው ወይም ቅርጹ በቅርበት፣ መጠኑን የሚያሳይ። ረከቦት ላይ ጀበናና ሲኒ ደርድሪበት፣ መጠኑ ያኔ ይገባል።

ረከቦት ጅማ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጎግል ካርታ ላይ ሱቃችን የለም፣ ስም ያለው መንገድ ላይ ስላልሆነ እንዴት እንደሚመዘገብ ግራ ገባን። ሌላው፣ አዲስ አበባ የሚያዝ ሰው ሲመጣ እሱ ቀድሞ መክፈል ይፈራል፣ እኛም ቀድመን መላክ እንፈራለን።

ፒን

ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነፃ ነው፣ ዛሬውኑ አድርጉት። አድራሻ ሲጠይቅ ፒኑን ራሳችሁ ካርታው ላይ በጣት ጎትታችሁ ትክክለኛው በር ላይ አድርጉት። ካርታው ለየቦታው የሚሰጠው ፕላስ ኮድ የሚባል አጭር መለያ አለ፤ የመንገድ ስም በሌለበት ከተማ እሱን ቴሌግራም ላይ ብትልኩት ደንበኛው ቀጥታ በራችሁ ላይ ይደርሳል። ዘርፉን የቤት ዕቃ መሸጫ በሉት። ማረጋገጫው በቪዲዮ ከተጠየቀ ሳይቆራረጥ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ቅረጹ፦ ከመንገዱና ከጎረቤት ሱቆች ጀምራችሁ፣ ታፔላውን አሳይታችሁ፣ በሩን በቁልፍ ከፍታችሁ፣ ውስጥ ያለውን መሣሪያ አሳይታችሁ ጨርሱ። ታፔላው ላይ ያለው ስምና የምትመዘግቡት ስም አንድ መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።

አልጋ የተረከበ ሰው ሁሉ ኮከብና ሁለት መስመር እንዲጽፍላችሁ እዚያው እያለ ሊንኩን ላኩለት። ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ አይጽፍም።

ሚዛን

ስለ ቀብዱ። ግማሽ ክፍያ ከትእዛዝ ጋር፣ ቀሪው ዕቃው አልቆ ቪዲዮው ከተላከ በኋላ፣ ከመጫኑ በፊት። ቪዲዮው ላይ የደንበኛው ስም በወረቀት ተጽፎ በርጩማው ላይ ይቀመጥ፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንዳልሆነ ያውቃል። የንግድ ፈቃድሽን ፎቶ ቻናሉ ላይ አድርጊ፣ ገንዘቡም የሚገባው በንግዱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሁን። ፍርሃቱን የሚቀንሰው ይኼ ነው።

በአንቺ በኩል ደግሞ የክፍያ ስክሪንሾት አይታመንም፣ በቀላሉ ይፈበረካል። ገንዘቡ ገባ የሚባለው በራስሽ ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ሒሳቡ ጨምሮ ስታዪው ነው። ከተራ ስልክ ቁጥር የሚመጣ «ገቢ ሆኗል» የሚል አጭር መልእክትም እንዲሁ ነው።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአውቶቡስ ስትልኪ በርጩማውን መጀመሪያ በካርቶን፣ ከላይ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልይው፤ እግሮቹ መካከል ጨርቅ ሙይበት፣ የሚሰበረው እዚያ ነው። የተቀባይ ስልክ በሁለት ቦታ ይጻፍ። ያልደረቀ እንጨት አትላኪ። ከአንድ ግንድ የወጣ ዕቃ ውስጡ እርጥበት ካለው ደረቅ ቤት ሲገባ ይሰነጠቃል፣ ያ ስንጥቅ ፎቶው ተነሥቶ ኮሜንት ላይ ይመጣልሻል፤ ከዚያ በኋላ የምታወጪው የማስታወቂያ ብር ሁሉ ያንን ኮሜንት ለብዙ ሰው ማሳያ ነው የሚሆነው። የግንዱን ሁለት ጫፍ በቀለም ወይም በሰም ሸፍናችሁ በጥላ አድርቁት፤ ውኃው ቶሎ የሚወጣው በጫፉ በኩል ስለሆነ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የእንጨቱን ስም ስትጽፉም ተጠንቀቁ። ግራቪሊያውን ዋንዛ ብሎ መጻፍ ገዢን ማታለል ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው። ደንበኛ ቤት የተነሣ ፎቶም ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

አድስ ባለሙያ

ወቅቱን ልጨምር። 6,000 ብሩን በየወሩ እኩል አያውጡ። በጅማ ዙሪያ የቡና ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። አልጋና ቁም ሳጥን የሚታዘዘው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እጥፍ ያውጡ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይቀንሱ ወይም ያቁሙ። በረመዳን የሚወጣው ማስታወቂያ ከኢድ በኋላ ለሚደረገው ሠርግ ይሁን፤ ሰዓቱንም ከኢፍጣር በኋላ ወዳለው ይውሰዱት፤ ያኔ ጥሪ ሳይሆን ሜሴጅ ይምረጡ። አንድ አልጋ ሠርቶ ለማስረከብ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀር ማስታወቂያውን ይዝጉ። ሊያደርሱት የማይችሉትን ትእዛዝ ተቀብሎ ቀብድ መመለስ ስም ያበላሻል።

ለመነሻ የሚሆን ጽሑፍ ይኸውልዎት፣ ዋጋና ቀን የራስዎን ያስገቡ፦

«ባለ 1.50 አልጋ ከሁለት ኮመዲኖ ጋር፣ የግራቪሊያ እንጨት፣ 28,000 ብር። ጅማ ከተማ ውስጥ አድርሰን እንገጥማለን፣ የማድረሻ አይከፈልም። ካዘዙ በ12 የሥራ ቀን ይረከባሉ። ቀብድ ግማሽ። ሂርማታ መርካቶ፣ መጥተው እንጨቱን ማየት ይችላሉ። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 1 ሰዓት ይደውሉ።»

ፎቶው ላይ ሌላ ጽሑፍ አይጨምሩ፣ ዋጋው ብቻ በአንድ ጥግ። ከሳምንት በኋላ የጥሪውን ቁጥርና የወጣውን ብር እዚህ ይለጥፉት፣ የቱን መቀየር እንዳለበት አብረን እናያለን።